ሐላሉስ ሐላል ነው

እናቴ ከደሴ ስትመጣ ሻንጣዋን ያነሣ ሰው ሦስት ቀን ወገቡን ይዞ ይከርማል። በ2016 ዓ.ም. ለረመዳን ስትመጣ ሻንጣው ሦስት ሆኖ ነበር፤ ልብሷ ለብቻው በፌስታል ነው የመጣው። ሻንጣዎቹን የሞላው በርበሬ፣ ሽሮ፣ የወጥ ቅመም፣ በጣሳ የተጠቀጠቀ ቅቤ፣ የጤፍ ዱቄትና አንድ ሙቀጫ ነው። ሙቀጫው የብረት ነው። ጀሞ ያለው የኛ ኮንዶሚኒየም ሊፍት አያውቅም፤ እኔ የምኖረው አራተኛ ፎቅ ነው።

«እማ፣ አዲስ አበባም እኮ ገበያ አለ» አልኳት፣ ትንፋሼን ከደረጃው ላይ እየለቀምኩ።

«በሬዲዮ ሰምቻለሁ። በርበሬው ሸክላ፣ ቅቤው ሙዝ፣ እንጀራው ጀሶ ነው አሉ። እኔን የገረመኝ፣ ሸክላውንና ጀሶውን እናንተ ከበላችሁት ይሄን ሁሉ ፎቅ በምን ሠሩት?»

ቤት እንደገባች ውኃ እንኳ ሳትጠይቅ ቂብላውን ጠየቀች። አዲስ አበባ ላይ ቂብላ ማግኘት አያስቸግርም። መካ ከኛ በስተሰሜን ናት፣ ጥቂት ብቻ ወደ ምሥራቅ ታዘነብላለች፤ የጀሞ ሰው ፊቱን ወደ እንጦጦ ካዞረ ብዙ አልተሳሳተም። የሚያስቸግረው ቤቱ ነው። የኮንዶሚኒየሙ መሐንዲስ ቂብላን አስቦ አልነደፈውም፤ በኔ ቤት እንጦጦ የሚገኘው ከፍሪጁ ጀርባ ነው። ጾመኛ ሰው ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ለዐስር ሶላት ፍሪጅ ፊት ቆሞ ሐሳቡን ቀይ ባሕር ማሻገር አለበት። የኔ ሐሳብ ብዙ ጊዜ ከፍሪጁ በር አልፎ አያውቅም፤ እውነቱን አላህ ያውቃል፣ ትናንት የተረፈው ሩዝ ላይ ይቀራል።

እናቴ ሰግዳ፣ ወደ ቀኝ አሰላመተች፣ ወደ ግራ አሰላመተች፣ ከዚያ እጇን ዘርግታ ፍሪጁን ከፈተችው።

የኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 የተሰጠው ሥልጣን አለው። እናቴ ያለ አዋጅ ነው ሥራ የጀመረችው። ባለሥልጣኑ የአምራቹ ስምና አድራሻ ያልተጻፈበትን ምግብ አትግዙ ይላል፤ እናቴ ግን ስምና አድራሻ አይበቃትም። ማሩን አንሥታ በብርሃን እያየች «ይሄን የሸጠልህ የማን ልጅ ነው?» አለችኝ። ከየት አውቄው! ማሩ ወደ ማጠቢያው ሄደ። ዘይቱ፣ ቅቤውና በርበሬው ተከተሉት። የተረፈው በረዶው ነው፤ እሱንም «ከየትኛው ውኃ?» ብላ አመነታች።

በማግሥቱ እሑድ መጋቢት 1 ነበር። ያን ቀን አዲስ አበባን ያየ ሰው አይረሳውም። ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ሰኞ፣ መጋቢት 2፣ ስለገጠሙ የክርስቲያኑ ቅበላና የሙስሊሙ ዋዜማ አንድ እሑድ ላይ ዋሉ። መስቀል የተሣለበት ሥጋ ቤትም ጨረቃ የተሣለበት ሥጋ ቤትም ሰልፉ አስፋልት ደርሷል። ልዩነቱ በማግሥቱ ነው፤ ባለመስቀሉ ለ55 ቀን መዝጊያውን ሲያወርድ ባለጨረቃው ከአፍጥር በኋላ የሚጠብቀው ደንበኛ አለው።

እናቴ ተራዋ ሲደርስ «ልጄ፣ ማን ነው ያረደው?» አለችው ሥጋ ሻጩን።

በቢላው ጫፍ ወደ ላይ፣ ወደ አረንጓዴው ጨረቃ ጠቆማት።

«እሱን አየሁት። ጨረቃውን የሰቀለውስ ማን ነው?»

ከኋላችን ያለው ሰልፍ ሳል ጀመረ። እኔ የተማርኩ ልጇ ነኝና ጣልቃ ገብቼ አስረዳኋት፤ አዲስ አበባ ቄራ የሙስሊሙና የክርስቲያኑ ዕርድ ተለይቶ እንደሚከናወን፣ በዚያኛው በኩል በስመ አብ፣ በዚህኛው በኩል ቢስሚላህ ተብሎ እንደሚታረድ፣ ከዚያ ግን ለሁለቱም የእንስሳት ሐኪም ምላሱን፣ ልቡንና የመንጋጋውን ሥጋ ሰንጥቆ የኮሶ ትል እጭ እንዳለበት እንደሚያይ፣ ጉበቱን እንደሚመረምር፣ ጤነኛውን ማኅተም እንደሚመታ። ኮሶ የሚይዘው ሰው የየትኛው እምነት ተከታይ እንደሆነ ጠይቆ አያውቅም። ጨምሬም ይህ የሐላል ነገር ቀልድ እንዳልሆነ፣ ከሞጆና ከቢሾፍቱ ቄራዎች የሚወጣ የፍየልና የበግ ሥጋ ቀዝቅዞ በአውሮፕላን ወደ ሳዑዲና ወደ ዱባይ እንደሚሄድ ነገርኳት።

እናቴ ዝም አለች። ሐጅ ለመሄድ ከ20 ዓመት በላይ ስታጠራቅም የኖረች ሴት ናት።

«እንግዲያ ፍየሏም ቀደመችኝ» አለች።

ሥጋው ተመዘነ። ሻጩ ብሩን ተቀብሎ ቆጠረ፣ አፍንጫውን ጠረገ፣ በዚያው እጁ ደግሞ ጭማሪ ብሎ አንድ ቁራጭ ጣል አደረገልን። እናቴ እጁን አየችው፤ እኔን አየችኝ። ቤት እስክንደርስ አልተናገረችም። ሥጋውን ድስት ውስጥ እያገላበጠች ነው የተናገረችው፦

«ሐላሉስ ሐላል ነው። ጦይብ ነው ወይ?»

ሃምሳ ዓመት ቂጣ ስትጋግር የኖረች ሴት ዩኒቨርሲቲ የጨረሰ ልጇን በአንድ ቃል ከመንገድ አስወጣችው። ቁርኣን ሐላሉን ሲጠራ ጦይቡን ከጎኑ አድርጎ ነው፤ ንጹሑን፣ መልካሙን፣ ለሰውነት የሚስማማውን። እኛ ከሁለቱ አንዱን ለጨረቃው ሰጥተን ሁለተኛውን ረስተነዋል። ለአንገትና ለቢላ የምንጠነቀቀውን እዩት፤ ከቢላው በኋላ ያለው ጠረጴዛ፣ እጅ፣ ፌስታልና ዝንብ ግን ባለቤት የለውም። የክርስቲያን ሠርግ ላይ ለኛ ተብሎ ሙስሊም አራጅ ተጠርቶ፣ ድስቱ ለብቻው ተጥዶ፣ ድንኳኑ ለብቻው ተተክሎ አይተን «ማሻአላህ፣ ተጠንቅቀውልናል» እንላለን፤ እውነትም ተጠንቅቀውልናል። ሥጋው ፀሐይ ላይ ስንት ሰዓት እንደዋለ የጠየቀ ግን እኔን ጨምሮ አላየሁም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከእናቴ ጋር ገበያ መውጣት ፈተና ሆነ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አንድ ቀን በገበያ ሲያልፉ እጃቸውን የእህል ክምር ውስጥ ሰደው ከላይ ደረቅ የነበረው ከሥሩ እርጥብ ሆኖ ማግኘታቸው፣ ነጋዴውም ዝናብ ነው ሲላቸው እርጥቡን ሰው እንዲያየው ለምን ከላይ እንዳላደረገው መጠየቃቸውና አታላይን ከወገናቸው አለመቁጠራቸው የታወቀ ሐዲስ ነው። እናቴ ሐዲሱን የምትተረጉመው እስከ ክርኗ ነው። ሰፈራችን ጥግ የቆመ ሽንኩርት ሻጭ ጆንያ ውስጥ ክንዷን ሰደደችው። ከላይ የጎልማሳ ጡጫ የሚያህል ሽንኩርት ነበር፤ ከሥር የወጣው የነጭ ሽንኩርት ዘመድ ነው።

«እማማ፣ እጅዎን ያውጡ እንጂ!»

«ሱና ነው ልጄ፤ አብሽር።»

በአትክልት በኩል የኛ ክፍለ ከተማ ዕድለኛ ነው። ፒያሳ የነበረው አትክልት ተራ በ2012 በኮሮና ሰበብ ጃንሜዳ ሄዶ፣ በ2013 ደግሞ እዚሁ ኃይሌ ጋርመንት ደጃችን መጥቶ ሰፍሯል። ሰላጣው ግን ሁሉ ከሩቅ አይመጣም። ትንሹ አቃቂ ወንዝ የቆዳና የሌላ ፋብሪካ እጣቢ ይዞ በመሀላችን ያልፋል፤ በዳሩ ደግሞ ቆስጣና ሰላጣ ይለመልማል። በፈረንጆች 2002 ፍስሐ ኢታና የተባሉት ተመራማሪ የቄራን ማሳ ቅጠላ ቅጠል መርምረው ስለ ከባድ ብረታ ብረት ጽፈዋል፤ ዛሬም ሰላጣው ለምለም ነው። እናቴ እጅ፣ አፍ፣ አፍንጫ ሦስት ሦስት ጊዜ እንደሚታጠበው ሰላጣውን ሦስት ጊዜ አጠበችው፤ ውዱእ አስደረገችው ማለት ይቻላል። ቆሻሻውና የሆድ ትሉ እንዲህ ሲታጠብ ይቀንሳል። እርሳስና ካድሚየም ግን በሥሩ ጠጥቶት የገባ ስለሆነ በውዱእ አይወጣም። ይህን ልነግራት አፌን ከፈትኩና ዘጋሁት። ሰላጣ እወዳለሁ።

ስለ ወተቱ ግን ነገርኳት፤ ስሕተቴ ይህ ነው። በፈረንጆች 2016 የታተመ አንድ ጥናት ከአዲስ አበባና ከዙሪያዋ 110 የወተት ናሙና ሰብስቦ ሲያይ፣ አፍላቶክሲን የተባለው የሻጋታ መርዝ ሁሉም ውስጥ ነበር፤ አውሮፓውያን ከሚፈቅዱት መጠን በታች ሆኖ የተገኘው 9 ብቻ ነው። ምንጩ ላሚቱ የምትበላው የኑግ ፋጉሎ ነው፤ ሲሻግት መርዙ ወደ ወተቱ ያልፋል። ማፍላትም አይገድለውም፤ ነፍስ ያለው ነገር አይደለምና የሚሞትም የለ።

እናቴ የእርጎ ጣሳዋን አስቀመጠች። «ላሚቱን አልወቅሳትም» አለች፤ «የሰጧትን በላች። እሷ እንደኛ በሬዲዮ አልሰማች።»

የቀረኝ ደስታ ሳምቡሳ ነበር። ረመዳን ከ11 ሰዓት በኋላ ጀሞ መንገድ ዳር መጥበሻው ሲጣድ ያለውን ሽታ ለጾመኛ መተረክ ግፍ ነው። የ2016 ረመዳን ደግሞ ሳምቡሳ የነገሠበት ነው። ምስር ነው ውስጡ፤ የጾም ነው፣ ሐላል ነው፣ አራጅ አይጠይቅም፣ ንስሐ አባት አያስቆጣም። ሰልፉ ላይ ግማሹ ከ9 ሰዓት ጀምሮ ጾሙን የፈታ ክርስቲያን ነው፤ ቆሞ ይበላል። ግማሹ 12 ሰዓት ከ40 ገደማ አዛን የሚጠብቅ ሙስሊም ነው፤ ይዞ ያሸታል። አንዱ ልጅ ሲያላምጥ አየኝና አፈረ፤ ወደ ሌላ ዞሮ ሲውጥ ጆሮው ሲንቀሳቀስ አየሁት። ይህም ሰብር ነው።

እናቴ የዘይቱን ቀለም አይታ «ይሄ ዘይት የጥቁር አስፋልት ልጅ ነው» አለች። አልተሳሳተችም፤ ደጋግሞ የጋለ ዘይት ተሰባብሮ ለሰውነት የማይበጅ ነገር ይፈጠርበታል። ወረቀቱ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። ሳምቡሳዬ የተጠቀለለው በ8ኛ ክፍል የሒሳብ ፈተና ነበር፤ ዘይቱ ሲያወዛው ከ20 ዘጠኝ ያገኘ ልጅ መሆኑ በግልጽ ታየ። የሕትመት ቀለም በትኩስ ዘይት ወደ ምግብ እንደሚያልፍ አውቃለሁ። የልጁ ስም ሳምቡሳው ላይ ተገልብጦ ታትሞ ስላየሁ ማስረጃም ነበረኝ። ሳምቡሳ ታገደ።

እስካሁን ያላነሣሁት አንድ ነገር አለ። እናቴ ስኳር አለባት፤ ኢንሱሊን በመርፌ ትወስዳለች። ከረመዳኑ በፊት አንድ ክሊኒክ ወሰድኳት። ዶክተሩ በትሕትና፣ ከ13 ሰዓት በላይ ሆዷን ባዶ ካዋለች ስኳሯ በድንገት ወርዶ ራሷን ልትስት እንደምትችል፣ ዕድሜዋም 70 ስለሆነ መጾም እንደሌለባት ነገራት። አመስግናው ወጣች። በር ላይ «ጥሩ ልጅ ነው፤ ግን ክርስቲያን ነው፣ ስለ ረመዳን ከየት ያውቃል?» አለችና ይግባኝ ጠየቀች። ይግባኙ የሰፈራችን መስጂድ ሸኽ ዘንድ ነው።

ሸኹ አዳመጧት። ከዚያ ሩኽሳ የሚባል ነገር እንዳለ፣ አላህ ለበሽተኛና ለመንገደኛ እንዳገራላቸው፣ ሐኪም የከለከላትን ጾማ ራሷን ብትጎዳ ተጠያቂ እንደምትሆን ነገሯት። መዳኛ ለሌለው በሽታ ደግሞ ፊድያ አለ፤ ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ችግረኛ ማብላት።

«እርስዎም ሐኪም ሆኑ?» አለቻቸው።

«እኔም ስኳር አለብኝ» አሏት።

ፍርዱ ጸና። እናቴ ሁለት ቀን አኮረፈች። በሦስተኛው ቀን ሳህን ይዛ ብቅ አለች። መስጂዱ በር ላይ ለሚቀመጡ አንድ ሽማግሌ በየቀኑ አንድ ሳህን እንዳደርስ ታዘዝኩ። ያን ጊዜ ነው የሦስቱ ሻንጣ ምሥጢር የገባኝ፤ የደሴው ቅቤ፣ በሙቀጫ የተወቀጠው ቅመም፣ ምርጡ ሥጋ ወደ ሳህኑ ሄደ። እኛ ቤት የቀረው ሰላጣው ነው።

«እማ፣ እኔም እኮ ጾመኛ ነኝ።»

«አንተ ጾምህን በሆድህ ይዘኸዋል። የኔ ጾም ሳህኑ ውስጥ ነው ያለው። ሸክላ ልቀላቅልበት?»

መልስ አልነበረኝም። በየምሽቱ በዚያ ቅቤ ሽታ ታጅቤ፣ ምራቄን እየዋጥኩ፣ አራት ፎቅ ወርጄ መንገድ እሻገር ነበር። በስድስተኛው ቀን ሽማግሌው ሳህኑን ሲመልሱልኝ «ልጄ፣ የትናንቱ ጨው በዝቶበታል በልልኝ» አሉ። ፈርቼ ነገርኳት። ፊቷ በራ። «አዎ፣ እሱ ነው ሰው! የሚቀምስ ሰው አገኘሁ። አንተ ሸክላ ብሰጥህም አልሐምዱሊላህ ትላለህ።»

እሷ ራሷ ምን እንደምትበላ ግን አላውቅም ነበር። በጾመኛ ፊት መብላት ያሳፍራታል፤ ሩኽሳዋ በእጇ ሆኖ እንደሌባ ነው የምትበላው። በሁለተኛው ሳምንት አንድ ቀን ወረቀት ረስቼ በምሳ ሰዓት ቤት ተመለስኩ። የማእድ ቤቱ በር ተዘግቷል። ከውስጥ የመጥበሻ ድምፅ ይሰማል፤ የሁለት ሴት ሳቅም ይሰማል። በሩን ስከፍት እናቴና የሦስተኛ ፎቅ ጎረቤታችን እትዬ አንድ ትሪ ከበው ተቀምጠዋል። እትዬ እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ ደበቁ።

መሀላቸው እንቁላል ፍርፍር ነበር።

እትዬ ደማቸው አንሷል። ሐኪም እንቁላል ይብሉ ብሏቸዋል፣ የንስሐ አባታቸውም ፈቅደውላቸዋል፤ ዐቢይ ጾም ሆኖ ግን በልጆቻቸው ፊት እንቁላል መስበር አቃታቸው። እናቴም ሞት ሞት አላት። አንዷ ከረመዳን፣ አንዷ ከሁዳዴ በፈቃድ የወጡ ሁለት አሮጊቶች ደረጃ ላይ ተገናኝተው ነገሩን ተነጋግረዋል። ሥጋ ቢሉ የእናቴ የሙስሊም ነው፣ እሳቸው አይበሉም፤ የእሳቸውም ለእናቴ አይሆንም። እንቁላል ግን ማን አረደው አይባልም።

«ከየት የተገዛ ነው?» ብዬ ባለሥልጣኗን ልፈትናት ሞከርኩ።

«ውኃ ውስጥ ከትተን አይተነዋል» አሉ እትዬ፣ ነጠላቸውን ሳይገልጡ፤ «የሚንሳፈፈው አሮጌ ነው። እናትህ ናት ያሳየችኝ። ሁለቱ ተንሳፈፉ፣ መለስናቸው። ሻጩ ተቆጣ።»

«በሩን ዝጋ» አለች እናቴ፤ «ጾመኛ ነህ፤ አታሽትት።»

ዒድ ረቡዕ ሚያዝያ 2 ዋለ። ፋሲካ ገና 25 ቀን ይቀረው ነበርና ሦስተኛ ፎቅ ጾም ላይ ናቸው። እናቴ ለእትዬ ቤት ቅቤ ያልነካው ሽሮ ሠርታ በትልቅ ትሪ አስላከችኝ። ልጆቻቸው ከፍተው አዩ፤ «ጾማችንን አስበው፣ እግዜር ይስጥልን» አሉ። እትዬ ትሪውን ራሳቸው ተቀብለው ወደ ውስጥ አስገቡት። ከእንጀራው ሥር ሁለት የተቀቀለ እንቁላል እንዳለ የምናውቀው ሦስታችን ብቻ ነን።

ከዒድ በኋላ ሸኘኋት። ሦስቱ ሻንጣ ባዶ ስለሆነ አንዱ በአንዱ ውስጥ ገብቶ አንድ ሆኗል፤ ሙቀጫውን «ያስፈልግሃል» ብላ ትታልኛለች። ጀሞ ታክሲ ተራ ስንደርስ ቆም አለች፤ መንገድ ዳር መጥበሻ ተጥዷል።

«ስድስት ሳምቡሳ ግዛልኝ።»

የሰማሁትን አላመንኩም። ዘይቱን አየሁት፤ ያው የአስፋልት ልጅ ነው። ሻጩ ጠቀለለው፤ ያው የፈተና ወረቀት ነው፣ የዚህኛው እንግሊዝኛ።

«እማ! ዘይቱስ? ቀለሙስ? ጦይቡስ?»

ከወረቀቱ ውስጥ አንዱን መዛ ቢስሚላህ አለችና ነከሰችው።

«መንገደኛ ነኝ» አለች፤ «ሸኹን አልሰማሃቸውም?»